አስቸኳይ፦ የሚክሰር ፕላኔተሪ ጊርቦክስ፣ ስሌቴና ስፔክትረሙ አልገናኝ አሉ

ባለሚክሰሩ፦
ሰላም ሰዎች፣ ካዛንቺስ ሳይት ላይ ነኝ። የኮንክሪት ሚክሰሩ ጊርቦክስ ከትናንት ጀምሮ ያቃስታል፣ ነገ ጠዋት የሶሌታ ሙሌት አለብን፣ ፎርማኑ አናቴ ላይ ቆሟል። ሞተሩ በደቂቃ 1455 ዙር፣ ሰኑ (መሀል ያለው ጊር) 20 ጥርስ፣ ሪንጉ (ዙሪያውን የከበበው) 76። 1455ን ለ60 አካፍዬ 24.25፣ በ20 ሳባዛው 485 ሄርዝ መጣ፣ ማለትም በሴኮንድ 485 የጥርስ ንክሻ። በተዋስኩት የቫይብሬሽን መለኪያ ስፔክትረም (ንዝረቱን በሄርዝ ዘርዝሮ የሚያሳየው ግራፍ) ግን 485 ላይ ምንም የለም! ጉብ ያለው 379 እና 394 ላይ ነው። መለኪያው ተበላሽቶ ይሆን? እባካችሁ ቶሎ።

ጋሽ ቡሎን፦
ዘይት ቀይር።

የአምስት ኪሎ ልጅ፦
ወንድሜ፣ ከመሠረቱ እንነሳ። ጥርስ በዙር የሚባዛው ሁለቱም ጊሮች ባሉበት ቆመው ሲዞሩ ነው። እዚህ ግን ፕላኔቶቹን (በሰኑና በሪንጉ መሀል ያሉትን ጊሮች) ካሪየሩ፣ ማለትም የሚሸከማቸው ክፈፍ፣ ይዟቸው በሰኑ ዙሪያ ይሄዳሉ። ሰኑ ጥርስ የሚነክሰው ካሪየሩን በሚቀድምበት ልክ ብቻ ነው። ሪንጉ ከቤቱ (ከጊርቦክሱ ሽፋን) ጋር የታሰረ ከሆነ የዙር ቅነሳው 76 ለ20 ሲካፈል፣ 1 ሲደመርበት 4.8 ነው። ስለዚህ ካሪየሩ በሴኮንድ 5.05 ዙር ይዞራል። እሱን በሪንጉ 76 አባዛው፣ 384 ሄርዝ። በሰኑ በኩል ብትሄድም ከ24.25 ላይ 5.05 ቀንሰህ በ20 ስታባዛ ያው 384 ነው። ይሄ የሁለተኛ ዓመት ትምህርት ነው፣ ሰው ግን ፎርሙላ ሸምድዶ...

ባለሚክሰሩ፦
አዎ ሪንጉ የታሰረ ነው። ግን 384 ላይም የለም እኮ! 379 ነው ያልኩት።

ሄርዝ ቆጣሪ፦
1455ን ከሞተሩ ታርጋ ላይ አንብበህ ነዋ። ጭነት ሲበዛ ዙሩ ይወርዳል፣ በቃ።

ባለሚክሰሩ፦
በታኮሜትር ለክቼዋለሁ።

ጋሽ ቡሎን፦
ዘይቱስ?

ኩሽኔታ፦
ፕላኔቶቹ ስንት ናቸው? አልነገርከንም።

ባለሚክሰሩ፦
3። ግልጽ መስሎኝ ነው።

ኩሽኔታ፦
እንግዲህ ቁልፉ እሱ ነበር። 76 ለ3 እኩል አይካፈልም። ሦስቱ ፕላኔቶች ሪንጉን የሚነክሱት በአንድ ቅጽበት ሳይሆን ተራ በተራ ስለሆነ፣ ቤቱ ላይ ለተለጠፈው ሴንሰር የ384ቱ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። የሚተርፉት በ3 የሚካፈሉት የካሪየሩ ብዜቶች ናቸው፦ 75 ጊዜ 5.05 ማለት 379፣ 78 ጊዜ ደግሞ 394። መለኪያህን ይቅርታ ጠይቀው።

ይህ ግን ጊርቦክሱ ደህና ነው ማለት አይደለም፣ ሁለቱ ጉብታዎች በጤናውም ይኖራሉ። አንተ የምትፈልገው አጠገባቸው የበቀለ አዲስ ነገር ነው። የሰኑ አንድ ጥርስ ከተሸረፈ በሴኮንድ 57.6 ጊዜ ይመታል፣ ሦስቱም ፕላኔቶች ስለሚያገኙት። ፕላኔቱ 28 ጥርስ ስለሆነ የሱ ምት በአንድ ጎን 13.7፣ ሰኑንም ሪንጉንም ሲመታ 27.4 ነው። ከጉብታዎቹ ግራና ቀኝ በነዚህ ርቀቶች ፈልግ። ሪንጉ ግን ተንኮለኛ ነው፦ የሱ ጉዳት 15.2 ላይ ነው፣ ፕላኔቶቹ በሴንሰሩ ሥር ሲያልፉ የሚሰጡትም ያው 15.2። ጊርቦክሱ ጤነኛ ሳለ የተወሰደ የድሮ ልክ ካልያዝክ በሱ አትፍረድ።

የአምስት ኪሎ ልጅ፦
እኔም ወደዚያው ልመጣ ነበር።

ሄርዝ ቆጣሪ፦
አይ አንተ 😂

ጋሽ ቡሎን፦
ልጆች፣ ዘይት ቀይር ስል ዝም ብዬ አይደለም። ስታፈስ ማግኔት ያለውን ቡሎን አውጥተህ በጨርቅ ጥረገው። እንደ ጥቀርሻ የላመ ከሆነ የተለመደ ነው። በጣትህ የሚቆነጠር ስባሪ ካገኘህ ግን ሄርዝም ኪሎሜትርም አያስፈልግህም፣ አታስነሳው።

ባለሚክሰሩ፦
57 ርቀት ላይ የሆነች ነገር ያየሁ መሰለኝ፣ ግን ትንሽ ናት። ቆይ ፎርማኑ ጠራኝ፣ እመለሳለሁ።

ሄርዝ ቆጣሪ፦
ባለሚክሰሩ፣ ሶሌታው ተሞላ? 4 ቀን ሆነህ እኮ።

ጋሽ ቡሎን፦
በዚያ በኩል አለፍኩ። የሱ ሳይት ከሆነ፣ በአካፋ እያቦኩ ነበር።