የቺካጎ አይሁዳውያን ሴቶች የበጎ ፈቃድ ሥራ ምጽዋት ነበር ወይስ አመራር?

የታሪክ ተማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ በቺካጎ ስለነበሩ አይሁዳውያን ሴቶች የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ጽሑፍ በማዘጋጀት ላይ ነኝ። ያገኘኋቸው ጽሑፎች አብዛኞቹ «ደጋግ ወይዛዝርት» ብለው አሞግሰዋቸው ያልፋሉ እንጂ ምን እንደ ወሰኑና ከማን ጋር እንደ ተሟገቱ እምብዛም አይናገሩም። ደመወዝ የማይከፈላቸው፣ ሙሉ የመምረጥ መብትም ያልነበራቸው ሴቶች በከተማው ጉዳይ መርተዋል ለማለት ያስደፍራል?

የመዛግብት ባለሙያ፦
ያስደፍራል። እ.ኤ.አ. ከ1893 ቢጀምሩ መልካም ነው። በዚያ ዓመት ከቺካጎው የዓለም ኤግዚቢሽን ጋር ተያይዞ የዓለም ሃይማኖቶች ጉባኤ ሲጠራ፣ የአይሁዳውያን ሴቶችን ተሳትፎ የማደራጀት ኃላፊነት የተሰጠው ለከተማዋ ተወላጅ ለወይዘሮ ሐና ግሪንባውም ሰለሞን ነበር። በወቅቱ ሴቶቹን የሚያገናኝ አገር አቀፍ ማኅበር ስላልነበረ፣ ወይዘሮ ሐና በየከተማው ወደሚገኙ ረቢዎች 90 ያህል ደብዳቤ ጽፈው ለሥራው የሚበቁ ሴቶችን እንዲጠቁሟቸው ጠየቁ። የአይሁዳውያን ወንዶች ኮሚቴ ግን ሴቶቹ በመድረኩ እንዲናገሩ ሳይሆን እንግዳ እንዲቀበሉ ብቻ በመፈለጉ፣ ትብብሩን ትተው የራሳቸውን ጉባኤ አካሄዱ፤ በጉባኤው ፍጻሜም የአይሁዳውያን ሴቶች ብሔራዊ ምክር ቤት ተመሠረተ። ወይዘሮ ሐና እስከ 1905 በፕሬዚዳንትነት መርተውታል። እኔን ከተጠየቅሁ፣ በጉባኤው ከተደረጉት ንግግሮች ሁሉ ይልቅ አመራርን የሚያሳዩት እነዚያ ደብዳቤዎች ናቸው።

ማኅበራዊ ሠራተኛ፦
በቀደመው መልስ ላይ የዕለት ተዕለቱን ሥራ ልጨምርበት። ምክር ቤቱ በተመሠረተ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ ስደተኞች በብዛት በሰፈሩበት የከተማዋ ምዕራባዊ ክፍል የግል አገልግሎት ቢሮ ተከፈተ፤ የመሩትም ወይዘሪት ሚኒ ሎው ነበሩ። ቢሮው ችግረኞችን በየቤታቸው እየጎበኘ ኑሯቸውን ያጠና፣ በሕግ ጉዳይም ያግዛቸው ነበር። ወይዘሪት ሎው ከዚህ ጎን ለጎን ያለ ወለድ የሚያበድር የሴቶች ማኅበር አቋቁመዋል። ይህን እንደ ተራ ቸርነት ማየት አይገባም፤ ኦሪት ዘጸአት 22፥25 ለድሃ ሲያበድሩ ወለድ መውሰድን ይከለክላል፣ የመካከለኛው ዘመን አይሁዳዊ ሊቅ ሙሴ ማይሞኒደስም ከስምንቱ የምጽዋት ደረጃዎች የላይኛውን የሰጠው ሰውን በብድር ወይም በሥራ ራሱን እንዲችል ለሚያደርግ ነው። የልብስ ስፌት መኪና በብድር የገዛች ሴት ዕዳዋን ከፍላ ስትጨርስ የማንም ተመጽዋች አይደለችም።

ለጥያቄዎ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የወጣቶች ፍርድ ቤት ነው። በ1899 የወጣው የኢሊኖይ ሕግ ፍርድ ቤቱ የአመክሮ ተቆጣጣሪዎችን፣ ማለትም ጥፋተኛ ልጆችን ከእስር ውጪ የሚከታተሉ ሰዎችን፣ እንዲሾም ቢፈቅድም፣ ከመንግሥት ካዝና ደመወዝ እንዳይከፈላቸው ስለ ደነገገ፣ ገንዘቡን አሰባስበው ሥራውን ያስጀመሩት የከተማዋ የሴቶች ማኅበራት ናቸው፤ ወይዘሮ ሐናና ወይዘሪት ሎውም ከእነዚሁ ሴቶች ጋር ይሠሩ ነበር። መንግሥት ደመወዙን የተረከበው ሥራው ፋይዳው ከታየ በኋላ ነው። በ1910 ደግሞ ወይዘሮ ሐና መሬት የሚነካ ነጭ የዳንቴል ቀሚስ ለብሰውና ጃንጥላ ይዘው የከተማዋን የቆሻሻ ማስወገጃ ስፍራዎች ተዘዋውረው መርምረዋል። ቀሚሱ ምን ሆኖ እንደ ተመለሰ መገመት አያስቸግርም።

ሌላ አንባቢ፦
ምስጋናው ተገቢ ቢሆንም አንድ ነገር እንዳይዘለል እፈልጋለሁ። የምክር ቤቱ መሪዎች በአመዛኙ ቀደም ብለው ከጀርመን ምድር የመጡና ኑሯቸው የተደላደለ ቤተሰቦች ልጆች ሲሆኑ፣ የሚረዱት ግን በአብዛኛው ከ1881 ወዲህ ከሩሲያ ግዛት የተሰደዱ የይዲሽ (የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዳውያን ቋንቋ) ተናጋሪዎች ነበሩ። ማን እርዳታ እንደሚገባው የሚወስነው ረጂው ነበርና፣ ተረጂዎቹ በስብሰባው ወንበር አልነበራቸውም፤ እነርሱም የየራሳቸውን የመረዳጃ ማኅበራት እያቋቋሙ ይደጋገፉ ነበር። በምክር ቤቱ ውስጥም ቢሆን ስምምነት አልነበረም። ወይዘሮ ሐና ዋናው ጸሎት እሑድ የሚደረግበት የሲናይ ምኩራብ አባል ስለነበሩ፣ ሰንበትን በቅዳሜ የሚያከብሩ አባላት ለመሪነት ብቁ አይደሉም ብለው ተቃውመዋቸዋል። ጽሑፍዎ የማሞገሻ ሰነድ እንዳይሆን ከፈለጉ ይህን ክርክር በሰፊው ይተንትኑት።

የታሪክ ተማሪ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጽሑፌን ዋና ክፍል በወጣቶች ፍርድ ቤቱ ደመወዝና ያለ ወለድ በሚሰጠው ብድር ላይ አደርገዋለሁ፤ በሁለቱም ሴቶቹ በመጀመሪያ በራሳቸው ገንዘብና ጊዜ ሞክረው ማሳየታቸው ግልጽ ነው። የመጨረሻው አስተያየት ሰጪ ያነሱትን የወንበር ጥያቄ ግን ለብቻው ምዕራፍ እሰጠዋለሁ፤ ብድሩን የወሰዱት ሴቶች በውሳኔው ላይ ድምፅ ነበራቸው ወይ የሚለውን ከማኅበሩ ቃለ ጉባኤዎች ለመፈለግ አስቤያለሁ።