ጥቆማ፦ ዛቢክስ 5.0ን ወደ 7.0 አፕግሬድ ለማድረግ የት፣ በምንና በማን?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው በአንድ የብድርና ቁጠባ ተቋም አይቲ ክፍል ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ሲሆን ሐዋሳ፣ ባሕር ዳርና ድሬዳዋ ላይ ፕሮክሲ (የአካባቢውን መሣሪያዎች መረጃ ሰብስቦ ወደ ዋናው ሰርቨር የሚልክ ማሽን) አለን። ሰርቨሮቻችንንና የቅርንጫፍ ራውተሮችን የምንከታተለው በዛቢክስ 5.0 ነው፤ ኡቡንቱ 20.04 ላይ፣ ከማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ጋር። አለቃዬ «ወይ አፕግሬድ አድርጊው ወይ ሌላ ይገዛ» ብሎኛል። በቀጥታ ወደ 7.0 ልሂድ ወይስ በ6.0 በኩል? ቴሌክላውድ (የኢትዮ ቴሌኮም ክላውድ) ላይ ባወጣውስ? ሥራውን የሚሠራልን ድርጅት የምታውቁም ካላችሁ ጠቁሙኝ።

መልስ

እህቴ፣ አለቃሽ መቸኮሉ ልክ ነው። የ5.0 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ሜይ 2025 ላይ አልቋል፤ የኡቡንቱ 20.04 መደበኛ ድጋፍም በዚያው ወር ነው ያበቃው። ሌላ መግዛቱን ግን ተዪው። 7.0 የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለው ነው፤ እ.ኤ.አ. ጁን 2024 ወጥቶ እስከ ጁን 2029 ይዘልቃል። 6.0 ፌብሩዋሪ 2027 ላይ ስለሚያበቃ እዚያ ማረፍ አንድን ሥራ ሁለቴ መሥራት ነው። በቀጥታ ሂጂ፤ ዛቢክስ ከድሮው 2.0 ጀምሮ ያለን ዳታቤዝ ራሱ ወደ አዲሱ ይለውጣል።

የሚያስቸግረው ዛቢክሱ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ነው። 7.0 ለድረ ገጹ ፒኤችፒ 8.0 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ ኡቡንቱ 20.04 ይዞት የሚመጣው 7.4ን ነው። ማይኤስኪውኤልም ቢያንስ 8.0.30 መሆን አለበት። ኦኤሱንም፣ ፒኤችፒውንም፣ ዛቢክሱንም እዚያው ማሽን ላይ በአንድ ሌሊት መነካካት አልመክርም። አዲስ ቨርቹዋል ማሽን አንሺ፣ ኡቡንቱ 24.04 ጫኚበት፣ የዳታቤዙን ባክአፕ እዚያ ሪስቶር አድርገሽ አፕግሬዱን በቅጂው ላይ ሞክሪ። አሮጌው ሥራውን ይቀጥላል።

አንድ ነገር ልብ በይ፦ የቅጂው ሰርቨር ልክ እንደተነሳ ያንኑ መሣሪያ ሁሉ መጠየቅ ይጀምራል፤ አለርትም ይልካል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የሁሉም ሰው ስልክ እንዳይጮህ ለሙከራው ከኔትወርክ ነጥለሽ አስነሺው።

ሙከራው የሚጠቅምሽ ሰዓቱን ለማወቅ ነው። ሰርቨሩ ሲነሳ የዳታቤዙ ለውጥ ስንት በመቶ እንደደረሰ ሎጉ ላይ እየቆጠረ ያሳይሻል። የማይኤስኪውኤልን ባይናሪ ሎግ (የለውጦች መዝገብ) ከከፈታችሁ የዛቢክስ ዳታቤዝ ተጠቃሚ ትሪገር (በራሱ የሚነሳ የዳታቤዝ ትእዛዝ) መፍጠር እንዲችል ለጊዜው ፍቀጂለት፤ አለዚያ መሃል ላይ ይቆምብሻል። የሂስትሪ ሠንጠረዦች ፕራይመሪ ኪይ (እያንዳንዱን ረድፍ የሚለይ ቁልፍ) ግን በዚህ ጉዞ አብሮ አይመጣም። እሱ ከ6.0 ጀምሮ አዲስ ለሚጫን ብቻ ነው፤ ለነባር ዳታቤዝ በእጅ የሚሠራ ነው። ዳታው ወደ አዲስ ሠንጠረዥ ስለሚገለበጥ ሰፊ ዲስክ ይበላል። ሌላ ቀን ለብቻው ሥሪው።

መብራትን አትርሺ። ማይኤስኪውኤል የሠንጠረዥ ለውጥን አንዴ ከጀመረ በኋላ ወደኋላ አይመልስም፤ መሃል ላይ ኃይል ቢቋረጥ ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ የሆነ ዳታቤዝ ይዘሽ ትቀሪያለሽ። ከ7.0 ወደ 5.0 የሚመልስ መንገድም የለም፤ ያለው ባክአፑ ብቻ ነው። ዩፒኤሱ ስንት ደቂቃ እንደሚይዝና ጄኔሬተሩ ነዳጅ እንዳለው ሳታዪ አትጀምሪ።

ፕሮክሲዎቹ ላይ ምርጫ የለሽም። የ7.0 ሰርቨር ካለፈው 6.0 ጀምሮ ካሉ ፕሮክሲዎች ዳታ ይቀበላል፤ ከ5.0 ግን አይቀበልም። ስለዚህ ሦስቱም በዚያው ቀን መቀየር አለባቸው። ፓኬጆቹን ቀድመሽ እያንዳንዱ ከተማ ያለው ማሽን ላይ አውርደሽ አስቀምጪ፤ በዕለቱ ኔትወርክ ለምነሽ አትችይም። ኤጀንቶቹ (ሰርቨሮቹ ላይ የተጫኑት ትንንሽ የዛቢክስ ፕሮግራሞች) እንዳሉ ይቆዩ፣ ከአዲሱ ሰርቨር ጋር ይግባባሉ።

ከዚያ ሰው የሚጮኸው በትናንሽ ነገሮች ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ቲቪ «ስክሪን» የሚባለውን ገጽ የሚያሳይ ከሆነ ስክሪን ከ5.4 ወዲህ ቀርቷል፤ ወደ ዳሽቦርድ ይለወጣል፣ አድራሻውም ይቀየራል። ወርሃዊ ሪፖርት በኤፒአይ (ፕሮግራም ከፕሮግራም ጋር በሚነጋገርበት በር) የሚያወጣ ስክሪፕት ካላችሁ መግቢያው ላይ «ዩዘር» የሚለው መለኪያ አሁን «ዩዘርኔም» ሆኗል፤ ካልተስተካከለ አይገባም። ቴምፕሌቶችም (ለእያንዳንዱ የመሣሪያ ዓይነት ምን እንደሚለካ የሚወስኑት ቅጾች) ከሶፍትዌሩ ጋር አብረው አያድጉም፤ አዲሶቹን ኢምፖርት አድርገሽ መሣሪያዎቹን ቀስ እያልሽ ታዛውሪያለሽ።

መልስ፦ የት ይቀመጥ?

ከላይ ያለውን ሁሉ እስማማለሁ። ቦታውን በተመለከተ፦ ዋናውን ዛቢክስ ከመሥሪያ ቤታችሁ አታውጪው። ቴሌክላውድ ክፍያው በብር መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን የዋናው ቢሮ መስመር በተቋረጠ ቁጥር ደህና የሆነው ሰርቨር ሁሉ «ሞቷል» እየተባለ ይነገርሻል። ቴሌክላውድ ላይ ትንሽ ማሽን ተከራይተሽ አፕታይም ኩማ የሚባለውን ቀላል መከታተያ ብቻ ጫኚ፤ ዛቢክሱ ራሱ በሕይወት አለ ወይ፣ የደንበኞች ገጽ ይከፈታል ወይ የሚለውን ከውጭ ይይልሽ። አይሲቲ ፓርክ ያሉት የዳታ ማዕከሎች፣ ራክሲዮና ዊንጉ፣ ጥሩ ናቸው፤ ሆኖም የራስሽን ሰርቨር ሬክ ላይ ለምታስቀምጪበት እንጂ ለአንድ ቨርቹዋል ማሽን ተብሎ አይኬድም። ኮር ባንኪንጋችሁ አንድ ቀን ወደዚያ ከሄደ አብሮ ይሂድ።

የውጭ አገር ቪፒኤስ (በኪራይ የሚገኝ ቨርቹዋል ሰርቨር) ለዚህ ሥራ አይሆንም። የዶላሩ ካርድ ይቅርና በ2012 ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት ሲዘጋ ለሦስት ሳምንት ያህል ከውጭ ሆኖ አገር ውስጥ ያለን ሰርቨር ማየት አይቻልም ነበር።

ሌላ ሶፍትዌር ካላችሁ ደግሞ፦ ፒአርቲጂ ለዓይን ያምራል፣ ለጀማሪም ይቀላል። ግን ዊንዶውስ ሰርቨር ይፈልጋል፣ የሚያስከፍለው በሴንሰር ቁጥር ነው፣ ነጻው 100 ሴንሰር ሲሆን አንድ ሰርቨር ብቻውን አሥሩን ሊበላ ይችላል። አሁን በየጊዜው የሚታደስ ኪራይ ሆኗል፤ ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ይህን በጀት ፋይናንስ ክፍል ፊት ይዞ መቅረብ ልብ ይጠይቃል። ሊብሬኤንኤምኤስ ለስዊችና ራውተር ግሩም ነው፣ በነጻ፣ ራሱን በየቀኑ እያደሰ፤ ለዳታቤዝና ለአፕሊኬሽን ክትትል ግን ዛቢክስን አይተካም። ፕሮሜቲየስ ኮንቴይነር ለበዛበት ቤት ነው፤ እናንተ ጋ አያስፈልግም።

ድርጅትን በተመለከተ ስም ከመጥራት መመዘኛ ልስጥሽ። ዋጋ ከመጠየቅሽ በፊት «የዳታቤዛችንን ባክአፕ ወስዳችሁ በራሳችሁ ማሽን ሪስቶር አድርጋችሁ 7.0 ላይ አሳዩኝ» በይ። የይለፍ ቃልና የኤስኤንኤምፒ ኮሚዩኒቲ (ራውተሮቹን ለመጠየቅ የሚያገለግለው ምስጢራዊ ቃል) ውስጡ ስላለ የምስጢር ስምምነት አስፈርመሽ ነው ታዲያ። አንዱን ቤት እንዲህ ብለን ጠይቀን «ስናፕሾት (የማሽኑን ቅጽበታዊ ቅጂ) እንወስዳለን፣ ምንም አይሆንም» ብቻ ብለውን ነበር፤ አሰናበትናቸው። ጥሩ ባለሙያ ቀድሞ የሚጠይቅሽ የዳታቤዙን መጠንና የፕሮክሲዎቹን ቁጥር ነው።

ጥያቄ

በጣም አመሰግናለሁ ወንድሞቼ። አለርታችን አሁን በቴሌግራም ብቻ ነው የሚመጣው። ይበቃል? ቀኑንስ መቼ ላድርገው?

መልስ

አይበቃም። ቴሌግራም ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ተገድቦ እንደነበር አስታውሺ። ከዚያ ውጭም የቢሮው ኢንተርኔት ከሄደ አለርቱም የሚወጣበት የለውም። አፍሮሜሴጅና ግዕዝ ኤስኤምኤስ የሚባሉት የኤስኤምኤስ መላኪያ አገልግሎቶች ኤፒአይ አላቸው፣ ከዛቢክስ ዌብሁክ (አለርቱን ወደ ሌላ አገልግሎት ከሚያስተላልፈው ስክሪፕት) ጋር ማገናኘት ይቻላል፤ እነሱም ግን ከአንቺ በኩል ኢንተርኔት ይፈልጋሉ። እኔ የምመርጠው ሲም የሚገባበት ጂኤስኤም ሞደም ነው፤ ዛቢክስ በቀጥታ ያዘዋል። ስትገዢ ራሱን እንደ ኔትወርክ ካርድ የሚያቀርበውን ዓይነት ዶንግል ተዪ፣ እንደ ሲሪያል ፖርት የሚታየውን ጠይቂ፤ ቨርቹዋል ማሽን ስለሆነም ዩኤስቢውን ከሆስቱ ማሳለፍ ይኖርብሻል። የቢሮው መስመር የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ ሲሙ የሳፋሪኮም ይሁን። የሲሙን ሒሳብ የሚሞላ ሰው በስም ይመደብ፤ ሒሳቡ ካለቀ አለርቱ ዝም ይላል፣ ማንም አያውቅም።

ቀኑን ከሰኔ 30 አካባቢ አርቂው፣ ሒሳብ በሚዘጋበት ሳምንት ማንም አይፈቅድልሽም። እሑድ ጠዋት ከ1 ሰዓት ጀምሪ። ሜንቴናንሱን (አለርት የማይላክበትን የጥገና ሰዓት) ዛቢክስ ላይ ስትመዘግቢ 7፡00 ብለሽ ሙዪ፤ የሥራ ባልደረባዬ «ከምሽቱ 4 ሰዓት» የተባለውን 22፡00 በማለት ፈንታ 16፡00 ብሎ መዝግቦ የተሰለፈ ደንበኛ ባለበት ሰዓት አለርቱ ጠፍቶ ነበር። ሰኞ ጠዋት ቅርንጫፎች ሳይከፈቱ ሦስቱም ፕሮክሲ አዲስ ዳታ እየላኩ መሆኑን «ሌተስት ዳታ» ላይ እያንዳንዱን ከፍተሽ እዪ፤ አሮጌውን ማሽን አጥፍተሽ አቆዪው እንጂ ቢያንስ ለአንድ ወር አትሰርዢው።