እርስ በርሱ የተሳሰረን ሥራ እንዴት ከፋፍዬ ልጀምር?

የመመረቂያ ጽሑፌን ለመጨረስ በተቀመጥኩ ቁጥር ያልተነበቡት ጽሑፎች፣ ያልተተነተነው መጠይቅና የአማካሪዬ የኅዳግ አስተያየቶች በአንድ ጊዜ ስለሚደቀኑብኝ፣ ከየት እንደምጀምር ግራ ገብቶኝ ፋይሉን መልሼ እዘጋዋለሁ። ስንፍና አይመስለኝም፤ ሥራውን ከልቤ እወደዋለሁ። 25 ደቂቃ ሠርቶ 5 ደቂቃ ማረፍ የሚለው የፖሞዶሮ ዘዴ፣ ሠንጠረዥ እንደ ማስተካከል ላሉ ቁርጥ ያሉ ሥራዎች በእጅጉ ረድቶኛል። የውይይት ምዕራፉ ላይ ግን ሐሳቤ ገና ሳይሰበሰብ ሰዓቱ ይደውላል፤ አንዱን አንቀጽ ስነካም ሌላው ሁሉ መለወጥ ያለበት ይመስለኛል። እንዲህ ያለውን ሥራ ወደ ትንንሽ እርምጃዎች የከፋፈላችሁ ሰዎች፣ የመጀመሪያዋን እርምጃ በምን መለኪያ መረጣችሁ? ለዕለቱ ይበቃል የምትሉትስ ምን ላይ ስትደርሱ ነበር? ያለፋችሁበትን በዝርዝር ብታካፍሉኝ ከልብ አመሰግናለሁ።