ሞክሼ (ድምፃቸው አንድ የሆነ) ፊደላት ይውጡ ወይስ ይቆዩ?

ኮዬ ፈጬ፣ የወላጆችና የመምህራን ግሩፕ። መነሻው የአንድ ወላጅ መልእክት ነው፦ «1ኛ ክፍል ላይ ሀ፣ ሐ፣ ኀን ለይቶ ማስጠናት ልጅ ማሠቃየት ነው። አንዱ ይበቃል።»

የ1ኛ ክፍል መምህርት፦ ልክ ናቸው። 33 በ7 ቤት 231 ፊደል ነው። ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ፣ ፀ ቢወጡ 35 ይቀንሳል። በ1916 እ.ኤ.አ. የታተመው የቋንቋ ሊቁ የሶሲር ትምህርት «ምልክት ዋጋ የሚያገኘው ከሌላው ሲለይ ነው» የሚል ነው። በአማርኛ ሀና ሐ ምን ይለያያሉ?

የግእዝ መምህር፦ በጆሮ ምንም። በዓይን ግን ሠረቀ ወጣ ነው፣ ሰረቀ ያው ሌብነት። ሠዐለ ሥዕል ሣለ፣ ሰአለ ለመነ።

መምህርት፦ እሱ ግእዝ ነው የኔታ። ገበያ ላይ ጀንበር «ሠረቀች» የሚል አለ?

የሶፍትዌር ባለሙያ፦ እኔን የሚያሳስበኝ መዝገቡ ነው። «ፀሐይ»ን ውሰዱ፦ ፊተኛዋ ፀ ወይም ጸ፣ መካከለኛዋ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። 12 አጻጻፍ! በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተር ፊደልን በሚለይበት የቁጥር ሥርዓት፣ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ስላለው በ«ጸሀይ» የተመዘገበች ሴት በ«ፀሐይ» ስትፈለግ «የለችም» ይላል። መፍትሔው ፊደል መሰረዝ አይደለም። ሲፈለግ ብቻ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ማምጣት ነው፤ ሰባቱንም ቤት፣ ሃንና ኣንም ጨምሮ። የተመዘገበውን ስም ራሱን ከቀየራችሁት ግን ከልደት ካርዱ ጋር ይጣላል።

የሥነ ልሳን መምህር፦ ሁላችሁም ትርፉን ትቆጥራላችሁ፣ ጎደሎው ይብሳል። «ገና» ሲላላ «ገና አልመጣም»፣ ሲጠብቅ በዓሉ። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ መኖር። ጽሕፈቱ አንድ ነው። ሳድስም (6ኛው ቤት) እንዲሁ፦ «ትምህርት» ላይ የመጀመሪያዋ ት አናባቢ አላት፣ የመጨረሻዋ የላትም። ጀማሪ ልጅ እየቆራረጠ የሚያነበው እዚህ ጋ ነው፤ ሐ ጋ አይደለም። እዚሁ ሠፈር በቁቤ (በላቲኑ የኦሮምኛ ፊደል) የሚማሩት ልጆች የጠበቀውን ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ፊደል ደግመው ይጽፋሉ፣ ያን ያህል አይምታታባቸውም።

መምህርት፦ ታዲያ ምን እናድርግ?

የሥነ ልሳን መምህር፦ መጀመሪያ በጆሮ። «ገና»ን በሁለት ዓረፍተ ነገር አስገብተሽ በያቸው፣ የጠበቀው የቱ እንደሆነ ያውጡ፣ ከዚያ ቃሉ የተጻፈበት ካርድ ይምጣ። ሞክሼዎቹ 2ኛ ክፍል ይደርሳሉ፤ ያውም በቃል ውስጥ እንጂ በሠንጠረዥ አይደለም።

መምህርት፦ እሺ፣ ይቆዩ። ግን ዲክቴሽን ላይ «ጸሀይ» ብሎ የጻፈ ልጅ ኤክስ አይደረግበት።

የግእዝ መምህር፦ «ንጉሥ»ን በእሳቱ ሰ ቢጽፍም?

መምህርት፦ ቢጽፍም፣ የኔታ።