«ካሜራ ዘመድ የለውም» ላላችሁ

የከዚራው፦ ጀማው፣ ትናንት እዚሁ አንዱ «ድሬ፣ መጋላ ያለው ቀፊራ ገበያ ላይ ፊት የሚለይ ካሜራ ቢተከል ሌባ ይጠፋል፤ ካሜራ ዘመድ የለውም» ሲል ሁላችሁም አጨበጨባችሁ። አቦ፣ የምራችሁን ነው?

ሳቢያን፦ ያልኩት እኔ ነኝ። አሁንም እላለሁ። ስልኬን ሁለቴ ተሰረቅኩ። ሌባው ይታወቃል፣ «የእንትና ልጅ ነው» ተብሎ ታለፈ። ካሜራ የማን ልጅ ነህ ብሎ አይጠይቅም።

የከዚራው፦ ዘመድ ባይኖረውም አሳዳጊ አለው። የአሜሪካው የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም (ኒስት) በፈረንጆቹ 2019 ብዙ ፊት የሚለይ ሶፍትዌር ፈትኖ ነበር። ሁለት የተለያዩ ሰዎችን «አንድ ናቸው» የማለት ስህተት የበዛው በምዕራብና ምሥራቅ አፍሪካ፣ በምሥራቅ እስያም ሰዎች ላይ ነው። ምሥራቅ አፍሪካ ማለት አንተ ነህ፣ ወንድሜ።

ሳቢያን፦ የ2019 ሶፍትዌር! ያኔ የያዝከውን ስልክ ዛሬም ይዘሃል?

የመጋላዋ፦ አሜሪካዊው ሮበርት ዊሊያምስስ? የዲትሮይት ከተማ ፖሊሶች ጥር 2020 ሚስቱና ሁለት ሴት ልጆቹ ፊት በካቴና ወሰዱት። ሰዓት ሰርቀሃል ተብሎ። ኮምፒውተሩ የሌባውን ምስል ያመሳሰለው ጊዜው ካለፈ የመንጃ ፈቃድ ፎቶው ጋር ነው። 30 ሰዓት ያህል ታሰረ።

ሳቢያን፦ በ2024 300 ሺህ ዶላር ተካሰ። ፖሊስም በማሽኑ ውጤት ብቻ ሰው እንዳይዝ ተስማማ። አየሽ? ቁጥጥር ማለት ይሄ ነው፣ እህቴ።

የመጋላዋ፦ እዚህስ ማን ይክስሃል? የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 አለን፣ እሺ። በስህተት ስትያዝ የትኛው መስኮት ሄደህ «ፊቴን መልሱልኝ» ትላለህ?

ባለባጃጁ፦ ቆይ፣ ለምን ቀፊራ? ከዚራ ሌባ የለም? ካሜራው መጋላ ብቻ ከተሰቀለ ሌባ የሚታየው መጋላ ብቻ ነው። ከዚያ «መረጃው መጋላን ያሳያል» ትሉና ሌላ ትጨምራላችሁ።

የከዚራው፦ አቦ ከዚራን ልቀቃት፣ እኔ መች ይተከል አልኩ! የአሜሪካዋ ከተማ ሳንታ ክሩዝ ወንጀል የት ሊፈጸም እንደሚችል የሚተነብይ የፖሊስ ሶፍትዌርን በ2020 ያገደችው ለዚሁ ነው። የአውሮፓ ኅብረትም ከየካቲት 2025 ጀምሮ ፖሊስ አደባባይ ላይ በቀጥታ በካሜራ ፊት እንዳይለይ ከልክሏል።

ሳቢያን፦ ከነቀዳዳው ተናገር! ለሽብር፣ ለጠፋ ሰው፣ ለከባድ ወንጀል ተፈቅዷል።

የመጋላዋ፦ በፍርድ ቤት ወይም በገለልተኛ አካል ፈቃድ። የኪስ ሌባ እዚያ ውስጥ የለም።

ባለባጃጁ፦ ለመሆኑ የተሰረቀው ስልክ ምን ነበር?

ሳቢያን፦ ቴክኖ። ምን አገባህ?

ባለባጃጁ፦ ወላሂ ለቴክኖ ነው የድሬን ሕዝብ ፊት የምታስመዘግበው?

ሳቢያን፦ ሁለት ቴክኖ ነው! ደግሞ አንተ ታርጋህን በጭቃ የምትሸፍነው ለምንድን ነው?