ማትስ ሳልመርጠው ደረሰኝ፤ ፕሩፍ (የሒሳብ ማረጋገጫ) ደግሞ አልገባ አለኝ። ልቀይር ወይስ ልግፋበት?

ጠያቂ (2ኛ ዓመት)
ጤና ይስጥልኝ። ፍሬሽማን ጨርሰን ዲፓርትመንት ስንሞላ ማትስን ወደ ታች ነበር ያደረግኩት። የደረሰኝ ግን እሱው ሆነ። ሃይስኩል እያለሁ በሒሳብ አልታማም ነበር። አሁን ካልኩለስ ላይ "አረጋግጡ" የሚል ጥያቄ ሲመጣ ከየት እንደምጀምር ይጠፋኛል። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ድንገት "ዴልታ የኤፕሲሎን ሲሶ ይሁን" ብሎ ይጀምራል። ከየት አመጣው? ደብተሬን መሸምደድ ጀምሬያለሁ፤ ሚድ ላይ ግን ከ30 ያገኘሁት 9 ነው። ዶርም ውስጥ ስድስት ነን፣ ማታ ማጥናት የማይታሰብ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የ4ኛ ዓመቱ
አይዞህ ወንድሜ፣ ይሄ ሁላችንንም ነው የሚገጥመን። ሰሌዳው ላይ የምታየው ተጠርጎ ያለቀውን ነው። ኤፕሲሎን ማለት ውጤቱ ከታለመለት ቁጥር እንዲርቅ የምንፈቅደው ትንሽ ርቀት ነው፤ ዴልታ ደግሞ ለዚያ ኤክስ ራሱ ምን ያህል መጠጋት እንዳለበት ይነግርሃል። ዴልታ የተገኘው ከኋላ ተጀምሮ ነው።

ኤክስ ወደ 2 ሲጠጋ 3ኤክስ+1 ወደ 7 ይጠጋል የሚለውን እንይ። መጀመሪያ ረቂቅ ወረቀት አውጣ። መጨረሻ ላይ የምትፈልገውን ጻፍ፦ በ3ኤክስ+1 እና በ7 መሃል ያለው ርቀት ከኤፕሲሎን እንዲያንስ ነው። ቀንሰው፣ 3ኤክስ−6 ይመጣል። 3ን ወደ ውጭ አውጣ። አሁን በእጅህ ያለው፣ ኤክስ ከ2 ያለው ርቀት በሦስት ተባዝቶ ነው። ሦስት እጥፉ ከኤፕሲሎን እንዲያንስ ርቀቱ ራሱ ከኤፕሲሎን ሲሶ ማነስ አለበት። በቃ፣ ዴልታህ እሱ ነው። ከዚያ ንጹሕ ወረቀት ታነሳና በዴልታ ጀምረህ ወደ ኤፕሲሎን ትጽፈዋለህ። ክላስ ውስጥ የሚታይህ ይሄ ሁለተኛው ወረቀት ብቻ ነው፤ ለዛ ነው አስማት የሚመስለው።

ኤክስ ስኩዌር ሲመጣ ነገሩ ትንሽ ይወሳሰባል፤ ዴልታን መጀመሪያ ከ1 እንዳይበልጥ ማሰር ይኖርብሃል። እሱን እንደ 3ኤክስ+1 ያለው ቀጥታ መስመር ሲገባህ ትመጣበታለህ።

መሸምደድ ካማረህ ትርጓሜዎቹን ሸምድድ። እነሱ ቃል በቃል መያዝ አለባቸው። ፕሩፉን ግን ዝጋውና ራስህ ጻፈው።

ቀያሪዋ
እኔ ደግሞ ሳልደብቅ ልንገርህ። ትምህርቱን ካልወደድከው መቀየር ነውር አይደለም። እኔ ቀይሬያለሁ፣ ደህና ነኝ። ግን በወሬ አትመራ። የምትፈልገው ዲፓርትመንት ቦታ እንዳለውና ስንት ጂፒኤ እንደሚጠይቅ ቀጥታ ሬጅስትራር ሄደህ ጠይቅ። ከወሰድካቸው ኮርሶች የትኞቹ እንደሚያዙልህም አጣራ። አለበለዚያ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ልትቀር ትችላለህ። ኮስት ሼሪንጉም አብሮ ይቆጥራል።

ኖንካፌው
ስለ ዶርሙ ልምጣ። ዶርም የሚተኛበት ነው፣ እዚያ ለማጥናት መታገል ትርፉ ከልጆቹ ጋር መጣላት ነው። ላይብረሪም ማታ ማታ ቦታ አይገኝም፤ ሁሉም ደብተሩን ወንበር ላይ ጥሎ ራት ለመብላት ይሮጣል። ለማትስ ከላይብረሪ ይልቅ ባዶ ክላስ ይሻልሃል፣ ምክንያቱም ሰሌዳ አለው፣ ማውራትም ይቻላል። ጠመኔ ኪስህ ውስጥ ያዝ። ከክላስህ ሁለት ልጅ ፈልግና ተራ በተራ ሰሌዳ ላይ እየወጣችሁ አስረዱ። የሚሰማው ሰው ሥራው "ለምን?" ማለት ብቻ ይሁን። መልስ ያጣህበት መስመር ላይ ነው ያልገባህ። ከሦስት ከበዛችሁ ግን ጨዋታ ይሆናል፣ ከልምድ ነው።

ሊኒየር አልጀብራ ስትወስድ ደግሞ የኤምአይቲው ጊልበርት ስትራንግ ሌክቸሮች ዩቲዩብ ላይ በነፃ አሉ። በሌሊት ጥቅል አውርዳቸው። እንግሊዝኛው ቀላል ነው።

መምህር
ልጄ፣ እኔ ይህንኑ ኮርስ አስተምራለሁ። ከላይ የተሰጠህ ማብራሪያ ትክክል ነው። የምጨምረው አንድ ነገር አለኝ። ፈተና ላይ ወረቀቱን ባዶ አትተው። ትርጓሜውን በትክክል ጻፍ፣ ምን ማሳየት እንዳለብህ ጻፍ። ብዙዎቻችን ለእሱም ማርክ እንሰጣለን።

ኮንሰልቴሽን ሰዓት የተመደበው ለእናንተ ነው፤ የሚመጣው ግን ከፈተና ማግስት ማርክ የሚለምን ነው። ከፈተናው በፊት፣ የሞከርከውን ወረቀት ይዘህ ና። "አልገባኝም" ብቻ ካልከኝ ከየት እንደምጀምር እኔም አላውቅም።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና አለ፣ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው። ስለዚህ የ2ኛ ዓመት ኖትህን ሴሚስተሩ ሲያልቅ አትጣለው።

ተመራቂ
"ማትስ ተምረህ ምን ትሆናለህ?" የሚሉህን አትስማቸው፤ ሙሉ በሙሉ ግን ውሸታቸውን አይደለም። በዲግሪው ብቻ ሥራ ቶሎ ላይገኝ ይችላል። ከአሁኑ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋና ስታትስቲክስን ጎን ለጎን ያዝ። እኔ የባንክ ዳታ ክፍል የገባሁት በዚያ ነው። ማስተርስ ካሰብክ ደግሞ ኤይምስን እይ። ሩዋንዳን፣ ጋናንና ደቡብ አፍሪካን ጨምሮ ማዕከላት ያሉት የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም ነው፤ ሙሉ ስኮላርሺፕ ይሰጣል። እስከዚያው የሃይስኩል ልጅ ማስጠናት የኪስ ወጪህን ይሸፍናል።

ጠያቂ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መቀየሩን ለጊዜው ልተወውና እስከ ፋይናል ልሞክር። መምህር፣ ይቺን ይዩልኝ፦ ኤክስ ወደ 1 ሲጠጋ 5ኤክስ−3 ወደ 2 ይጠጋል። ስቀንሰው 5ኤክስ−5 መጣ፣ ስለዚህ ዴልታን የኤፕሲሎን አንድ አምስተኛ አደረግኩት። ልክ ነኝ?

መምህር
ልክ ነህ። ፕሩፉን ስትጽፍ ግን "ኤፕሲሎን ከዜሮ የሚበልጥ ማንኛውም ቁጥር ይሁን" ብለህ ጀምር። እሷን ረስተሃታል፣ እኔ ደግሞ ማርክ እቆርጥባታለሁ።