የባጃጄ መሪ ከብዶኛል፣ ኮብልስቶን ላይም ይደበድባል፤ ከምኑ ልጀምር? (ሐዋሳ)

ጥያቄ፦ የአቶቴዋ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ሐዋሳ ውስጥ ባጃጅ እነዳለሁ። የራሴ ናት፤ ሁለተኛ እጅ ነው የገዛኋት። ብዙውን ጊዜ ከመናኸሪያ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል እሠራለሁ፣ ሰው ሲገኝ አሞራ ገደልም እወርዳለሁ።

ችግሬ ሁለት ነው። አንደኛ መሪው ከብዷል። አስፋልት ላይ በፍጥነት ስሄድ ብዙም አይታወቀኝም፤ ቀስ ብዬ ስታጠፍ ግን እጄን ይታገለኛል፣ ከታጠፍኩ በኋላም በራሱ አይመለስም። ማታ ትከሻዬን እያሸሁ ነው የምተኛው። ሁለተኛ፣ ኮብልስቶን ላይ ስገባ ፊቷ ይደበድባል። ወደ ሪፈራል የምወስዳቸው ሰዎች ነፍሰ ጡሮችና ሕመምተኞች ናቸው። «ልጄ፣ ቀስ በይ» ይሉኛል፤ ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩ መቆሜ ነው።

ጋራዥ ወስጃት «የፊቱ ሞላ ደክሟል፣ ወፍራም ሞላ ይገባለት፤ እስከዚያው በሞላው ጥምዝ መካከል ጎማ ቆርጠን እናስገባ» አሉኝ። ጎማው ገባ። መሪው አልቀለለም፣ ድብደባው ደግሞ ጭራሽ ባሰበት። ሌላው ሹፌር የኋላዎቹን ሾክ አብዞርበሮች ቀይሪ ይለኛል። ገንዘቤ ለሁሉም ስለማይበቃ ቅደም ተከተሉን ንገሩኝ።

መልስ፦ ጎሚስታው

እህቴ፣ ገንዘብሽን ያዢ፤ መጀመሪያ የሚታየው መሬት የሚረግጠው የፊት ጎማ ነው። የባጃጅ ጎማ ቸርኬው 8 ኢንች የሆነ ትንሽ ጎማ ነው። ውስጡ ያለው አየር ጥቂት ስለሆነ ትንሽ ሲጎድል ወዲያው ያስታውቃል። ንፋስ የጎደለው የፊት ጎማ መሬት ላይ ሰፍቶ ይተኛል፤ ቀስ ብለሽ ስታጠፊ የሚታገልሽ እሱ ሊሆን ይችላል።

በእግር መትቶ «ደህና ነው» ማለት መለኪያ አይደለም። ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ በመለኪያ ይታይ። እኔ ለፊቱ 30 ፒ.ኤስ.አይ አካባቢ እሞላለሁ፣ ጭነቱን የሚሸከሙት የኋላዎቹ ስለሆኑ ለእነሱ ከዚያ ከፍ አደርጋለሁ። የአንቺ ሞዴል ትክክለኛ ልክ መመሪያው ላይ ስላለ እሱን ተከተይ። መሪ እንዲቀል ብለው የፊቱን ከልክ በላይ የሚያስነፉ አሉ። እውነት ነው፣ ይቀላል፤ ግን ኮብልስቶኑ በቀጥታ ወደ እጅሽ ይመጣል። ፍሬን ስትይዢም የጎማው መያዝ ይቀንሳል።

መልስ፦ የዓላሙራው መካኒክ

የጎሚስታውን ሐሳብ እደግፋለሁ። «ከታጠፍኩ በኋላ በራሱ አይመለስም» ያልሽው ግን ከጎማ ይልቅ የመሪውን አንገት እንድጠረጥር አድርጎኛል። ሳትፈቺ የምታረጋግጪበት መንገድ አለ።

ባጃጇን ሜዳ ላይ አቁሚ፣ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፊ፣ ፊቷን በክሪክ አንስተሽ ከሻሲው ሥር ጠንካራ እንጨት አስገቢ። በክሪክ ብቻ ተማምነሽ እጅሽን ከሥር እንዳታስገቢ። አሁን የፊቱ ጎማ አየር ላይ ነው። መሪውን በሁለት ጣት ይዘሽ ከዳር እስከ ዳር በዝግታ አዙሪው። እንደ ልቡ ከዞረ አንገቱ ጤነኛ ነው፣ ችግሩ ጎማው ወይም ክብደቱ ነው ማለት ነው። አየር ላይ እያለም ከከበደሽ ሸክሙ የለም፣ መሬቱም የለም፤ የቀረው የአንገቱ ኩሽኔታ ወይም የተወጠረ ገመድ ነው። ባጃጅ ማርሹም ፍሪሲዮኑም መሪው ላይ ስለሆነ ገመዶች በአንገቱ በኩል ያልፋሉ። ገመድ ቀይሮ መንገዱን ያሳተ ሰው ካለ፣ መሪው ወደ አንድ ወገን ብቻ ይከብዳል። መሪውን ወደ ሁለቱም አቅጣጫ እያዞርሽ የትኛው ገመድ እንደሚወጠር ተመልከቺ።

በቀጥታ መሄጃው ላይ ሲደርስ ቀጭ ብሎ የሚይዝ ከሆነ ደግሞ የታችኛው ኩሽኔታ ሳህን፣ ማለትም ኳሶቹ የሚንከባለሉበት ቀለበት፣ ተበልቷል። ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አንገቱ ተፈትቶ አሮጌው ግራሶ በጨርቅ ሲጠረግ፣ ሳህኑ ላይ በኳሶቹ ልክ የተደረደሩ ጉድጓዶች ይታያሉ። ለዓይን ጥቃቅን ናቸው፣ ጥፍር ሲያልፍባቸው ግን ይይዛሉ። ባጃጅ ጉድጓድ የምትመታው ብዙውን ጊዜ መሪው ቀጥ ብሎ እያለ ነው፤ ስለዚህ ኳሶቹ ሁልጊዜ አንዱን ቦታ እየመቱ ይጎደጉዱታል። ያን ጊዜ ግራሶ መጨመር የትም አያደርስም፤ ኳሱም ሳህኑም አንድ ላይ ይቀየራል። አዲስ ኳስ በተበላ ሳህን ላይ ማስቀመጥ ገንዘብ መጣል ነው።

ሲታሰር ደግሞ ልብ በይ። አንገቱ ሲንኳኳ አጥብቆ መልቀቅ የሚወዱ ልጆች አሉ፤ ኳኳታው ይጠፋል፣ መሪው ግን ይታነቃል። ትክክሉ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲነቀነቅ የሚሰማው ክፍተት እስኪጠፋ ማጥበቅ፣ ከዚያ መሪው በነጻነት እስኪዞር ትንሽ መመለስና በማገጃው ዳዶ መቆለፍ ነው።

ከዚያ የፊቱን ጎማ የተሸከመችውን ክንድ ተመልከቺ። ክንዷ የምትወዛወዝበት መገጣጠሚያ ግራሶ ካጣ ይደርቃል። የደረቀ መገጣጠሚያ ሞላውን እንደ ልቡ እንዳይሠራ ይይዘዋል፤ ሞላው አዲስ ቢሆንም ይደበድባል። ከዝናብና ከጭቃ ወቅት በኋላ ግራሶ የማይሰጠው ባጃጅ ስንቱ ነው!

ያ በሞላው መካከል የገባው ጎማ ግን ዛሬውኑ ይውጣ፤ ወፍራም ሞላ የሚሉሽንም አትስሚ።

መልስ፦ ሞተረኛው ከቱላ

ጋሼ መካኒክን አከብራለሁ፣ ግን ወፍራም ሞላን እንዲህ አታውግዙት። እኔ ከቱላ ጎመንና ድንች ጭኜ ነው የምመጣው። ወፍራም ካስገባሁ ወዲህ ፊቷ ታች መትታ አታውቅም።

መልስ፦ የዓላሙራው መካኒክ

ወንድሜ፣ የአንተ ጭነት ድንች ነው። ድንች «ቀስ በል» አይልም። ለአንተ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ እሷ ግን ግማሹን ቀን ባዶዋን ወይም አንድ ሰው ይዛ ነው የምትሄደው።

መልስ፦ የፊዚክስ መምህር

«ትንሽ ወፈር ያለ ሞላ» ሲባል ትንሽ ስለሚመስል አንድ ስሌት ልጨምር። የጥምዝ ሞላ ጥንካሬ ከሽቦው ውፍረት አራተኛ ርቢ ጋር ያድጋል። ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ ሽቦው ከ10 ሚሊ ሜትር ወደ 11 ቢወፍር ጥንካሬው የሚጨምረው 10 በመቶ ሳይሆን 46 በመቶ ገደማ ነው። በዓይን የማይለይ ልዩነት ወገብ ላይ የሚሰማው ለዚህ ነው።

በጥምዙ መካከል የገባው ጎማም ያው ነው። ጎማው የነካቸው ጥምዞች መሥራት ያቆማሉ። የሞላ ጥንካሬ ከሚሠሩት ጥምዞች ቁጥር ጋር የተገላቢጦሽ ስለሆነ፣ ከስምንቱ ሁለቱ ቢታሰሩ ጥንካሬው በሲሶ ይጨምራል። ደክሟል ያሉትን ሞላ ያደነደኑት ራሳቸው የጋራዡ ሰዎች ናቸው ማለት ነው።

ሞላና ሾክ አብዞርበርም ሥራቸው የተለያየ ነው። ሞላው ምቱን ተቀብሎ መልሶ ይገፋል፤ ሾክ አብዞርበሩ ግፊቱን በውስጡ ባለው ዘይት አማካይነት ወደ ሙቀት ቀይሮ ያበርደዋል። ፊቷን በሰውነትሽ ክብደት ተጭነሽ ልቀቂ። ተነስታ ከረጋች ሾኩ ይሠራል። ደጋግማ ከነጠረች ወይም ዘንጉ ላይ ዘይት ከታየ ሾኩ አልቋል። በሞተ ሾክ ላይ ጠንካራ ሞላ መጨመር ንጥሩን ያባብሰዋል።

መልስ፦ የሐዋሳ ልጅ ከአልበርታ

ከሩቅ ገባሁባችሁ። ካናዳ ውስጥ የበረዶ ሞተር እጠግናለሁ። ከፊት ሁለት ስኪ፣ ከኋላ የሚሽከረከር የጎማ ሰንሰለት ያላት ማሽን ናት፤ በረዶ ሲባል ቆርቆሮ ላይ የሚወርደውን ብቻ ለምታውቁ ማለቴ ነው። ክረምት ሲገባ ደንበኞቼ የሚያመጡት አቤቱታ ከእህታችን ጋር አንድ ነው፦ መሪው ከበደኝ፣ ወገቤን ፈጀኝ።

እዚያ የመጀመሪያው ጥያቄ ክብደቱ በየትኛው በኩል እንዳረፈ ነው። ከሰንሰለቱ ውስጥ የፊተኛውን ክንድ የሚገታ ማሰሪያ አለ። ሲያጥር ክብደት ወደ ስኪዎቹ ይሄዳል፤ መታጠፊያ ላይ በደንብ ይነክሳሉ፣ መሪው ግን ይከብዳል። ሲረዝም መሪው ይቀላል፤ ነዳጅ ሲሰጠው ግን ስኪዎቹ ከበረዶው እየተነሱ ማሽኑ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በነጻ የሚገኝ ቅለት የለም።

ባጃጅ ላይ ያ ማሰሪያ የለም፤ ክብደቱን የሚያዛውረው ተሳፋሪው ነው። እህቴ፣ ከጎንሽ ሰው ታስቀምጫለሽ? ያ ሰው ከሞላ ጎደል በፊቱ ጎማ ላይ ነው የተቀመጠው፤ ክርንሽንም ይይዝብሻል። ከሦስት ሰው በላይ አትጫኚ የሚለው ሕግ የትራፊክ ፖሊስ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ሌላ አንድ ነገር፦ ሁሉንም በአንድ ቀን አትለውጪ። አንዱን ቀይረሽ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት ሂጂ። ዳዶ ከመነካቱ በፊት የነበረበት ቦታ በቀለም ምልክት ይደረግበት፤ ካልተስማማሽ የምትመለሺበት አለሽ።

የአቶቴዋ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ጎማው በመለኪያ ሲታይ ንፋሱ ጎድሎ ተገኘ፤ ተሞላ፣ በመጠኑ ቀለለ። ፊቷን አንስተን መሪውን ስናዞረው ግን ጋሼ እንዳሉት መሐል ላይ ያዘ። የታችኛው ሳህን በጥፍሬ ዳስሼው ጉድጓዶቹን አገኘኋቸው። ኳሱና ሳህኑ ተቀየረ፣ ክንዱም ግራሶ ጠጣ፣ የተቆረጠው ጎማም ወጣ። መሪው አሁን በአንድ እጅ ይታዘዛል፤ ፊቷም ኮብልስቶን ላይ እንደ ድሮው አይደበድብም።

ከጎኔ ሰው ስለማስቀመጥ የተባለውን ሰምቻለሁ። አሞራ ገደል ቆሮሶ ዓሣ በፌስታል አንጠልጥሎ «እኔ ትንሽ ነኝ፣ እዚህ ጋ ልጠጋ» የሚለውን ሰው እምቢ ማለት እንዴት እንደሚከብድ ግን የሚያውቀው ያውቀዋል።

የቀረኝ የኋላው ነው። ሦስት ሰው ስጭን ግራዋ ከቀኟ ዝቅ ትላለች፣ ጉብታ ስወጣም ከሥር ኳ ይላል። የግራውን ሾክ ብቻ ልቀይር?

መልስ፦ የዓላሙራው መካኒክ

የግራውን ብቻ አትቀይሪ። አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ሲሆን መታጠፊያ ላይ በአንድ በኩል ትዘነብላለች፤ ባጃጅ ደግሞ በሦስት እግር የቆመች ናት፣ መገልበጥ አይከብዳትም። ሁለቱም ይቀየሩ።

ከመግዛትሽ በፊት ግን ዝቅ ያለችው በሾክ ነው ብለሽ አትቁረጪ። ከፍታ የሚይዘው ሞላው ነው። ሁለቱ ሞላዎች ወጥተው ሜዳ ላይ ጎን ለጎን ይቁሙ፤ የግራው አጥሮ ከታየ ወይም ከተሰነጠቀ ጥፋተኛው እሱ ነው፣ እነሱም በጥንድ ይቀየራሉ። እኩል ከሆኑ የክንዱን የጎማ ቡሽ፣ ማለትም መገጣጠሚያው ውስጥ ያለውን ጎማ፣ ተመልከቺ፤ «ኳ» የሚለው ድምፅ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ነው።

ቡሽ ከተቀየረ ቡሎኑ የመጨረሻውን ጥብቀት የሚያገኘው ባጃጇ ከክሪክ ወርዳ በጎማዎቿ ከቆመች በኋላ ነው። አየር ላይ ተንጠልጥላ ከተጠበቀ ቡሹ እንደተጠመዘዘ ይቀራል፣ ቶሎም ይቀደዳል። ይህን ሲሠሩ አጠገባቸው ቁሚ።